ያልተጣሉትን ሳስታርቅ

በሰፈራችን ባልና ሚስት ሲኳረፉ የሚጠሩት እኔን ነው። ትምህርቴ ከስምንተኛ ክፍል አላለፈም፤ ሽበቴ ግን እንደ ዲግሪ ያገለግለኛል። ቀሚሴን ሰብሰብ አድርጌ እገባና መጀመሪያ ባልየውን በቀልድ፣ ቀጥዬ ሚስትየዋን በቁጣ፣ በመጨረሻ ሁለቱንም በሻይ አበርዳቸዋለሁ። አንዳንዱ ባል እንዲያውም ከበር ስገባ ሲያየኝ ብቻ ይታረቃል፤ ምክሬን ቁጭ ብሎ ከመስማት ይሻለዋል። ይህን ሙያ ከየት አመጣሽው ሲሉኝ ከልጅነቴ ነው እላለሁ። እውነቴን ነው። ሥራውን የጀመርኩት የወተት ጥርሶቼ ወልቀው ሳያልቁ ነው፤ የመጀመሪያዎቹ ደንበኞቼም እናቴና አባቴ ነበሩ።

እነሱን ለማስታረቅ የነበረኝ ጊዜ ከአሮጌው ቤታችን እስከ አዲሱ ቤታችን ያለው መንገድ ብቻ ነበር። ደግነቱ መንገዱ አገሩን ከጫፍ እስከ ጫፍ ያቋርጣል። ከመግባታችን በፊት መታረቅ ነበረባቸው። የጎረቤታችን ልጅ፣ የእኔው እኩያ፣ «ኩርፊያ ይዞ አዲስ ቤት የገባ ሰው፣ ኩርፊያው ከቤቱ አይወጣለትም» ብላኝ ነበር፤ እሷ ደግሞ የማታውቀው ነገር አልነበረም።

መጣላታቸውን ማንም አልነገረኝም። ዐይን አለኝ። አባዬ አልጋውን ለእናቴ ትቶ በሩ ጥግ ፍራሽ አንጥፎ መተኛት ከጀመረ ቆይቷል። እማዬ ደግሞ ኩባያውን ለየችበት። እጀታው ላይ ቀይ ክር አስራ ከእኛ ዕቃ እንዳይቀላቀል መስኮቱ ላይ ታስቀምጠዋለች፤ ለብቻው ታጥበዋለች፣ ከዚያም የፈላ ውሃ ትደፋበታለች። እንዴት ብትጠላው ነው፣ እል ነበር በሆዴ፣ አፉ የነካውን ዕቃ የምትቀቅለው? አባዬም የዋዛ አልነበረም። ገና ጡት ያልጣለውን ወንድሜን ማቀፍ ተወ። በሩ ላይ ቆሞ ከሩቅ ያየዋል፣ ያየዋል፤ ሕፃኑ ሳቅ ብሎ እጁን ሲዘረጋለት ፊቱን አዙሮ ወደ ውጪ ይወጣል። እሺ እሷ ታጥፋ፤ ይሄ ጨቅላ ምን አጠፋ?

አንድ ቀን ከመጋረጃው ጀርባ ሆኜ ጆሮዬን ጣል አደረግሁ።

«ራቂኝ አልኩሽ እኮ» ይላል አባዬ። «ልጆቹንም አርቂልኝ።»

«እስከ መቼ?»

«እኔ እንጃ። እስኪለይልኝ።»

«እኔ አልችልም፣ አንተ ሰው። አንድ ቤት ውስጥ እየዋልን እየናፈቅኸኝ...»

«ዝም በይ፣ ልጅቷ ትሰማለች።»

ልጅቷ ሰምታለች። ከሰማችው ውስጥ ግን «ራቂኝ» የሚለውን ብቻ ይዛ፣ «እየናፈቅኸኝ» የሚለውን እዚያው ጥላው ሄደች። ልጅ እንደዚህ ነው፤ ከወሬ መሐል የሚገባውን መርጦ ይወስዳል።

አሁን በሽታውን በስሙ እጠራዋለሁ፤ የሳንባ ነቀርሳ ነበር፤ ያውም መድኃኒት እምቢ ያለ። ያኔ ግን «አባትሽን ብርድ መቶት ነው» ነው ያሉኝ። እኔንም ብርድ መቶኝ ያውቃል። ብርድ ያስነጥሳል እንጂ ሚስት አያስኮርፍም።

አባዬ የመጋዘን ጫኞች አለቃ ነበር። እሱ ያሰረው ጭነት ገደል ቢገባ እንኳ እንደታሰረ ነው የሚገባው ይሉ ነበር ጓደኞቹ። የምንኖርበት ቤት የመጋዘኑ ስለሆነ፣ ሥራው ሲቀር ቤቱም ቀረ። የእናቴ ወንድም ከወዲያኛው የአገሩ ጫፍ «ግቢዬ ውስጥ ሁለት ክፍል አለ፤ ኑ» ብሎ ላከ። እኔ የሰማሁት «አዲስ ቤት» የሚለውን ነው።

ዕቃ በተጫነበት ጠዋት ጓደኞቹ በሙሉ መጡ። አባዬ በርጩማ ላይ ተቀምጦ በእንጨት እየጠቆመ ያዛል። አንድም ዕቃ በእጁ አልነካም። ከዚያ በፊት ቁምሳጥን ብቻውን አዝሎ ደረጃ ሲወጣ አይቼዋለሁ፤ ስለዚህ ሹመቱ ከፍ ብሏል ማለት ነው አልኩና አጠገቡ ቆሜ እኔም መጠቆም ጀመርኩ።

«አለቃ፣ ዛሬስ ዙፋን ላይ ነህ» አለ አንዱ ጫኝ ፍራሽ እንደተሸከመ።

«አንተን ዕድሜ ልኬን ሳዝህ ኖሬ ዛሬ ነው የታየህ? ፍራሹን አቁመው፤ አታጋድመው። እንቅልፉ ይፈሳል።»

ሳቁ። እሱም ሳቀና ሳቁ ወደ ሳል ተለወጠ። ሳሉ እስኪያልቅ ሁሉም ሥራ ያገኘ መስሎ ወዲያ ወዲህ አለ፤ አንዱ የታሰረ ገመድ እንደገና አሰረ።

ከዚያ የአባዬ ሳጥን መጣ። አረንጓዴ የእንጨት ሳጥን ነው። ጫኙ ሳጥኑን ወደ ውስጥ፣ አልጋው ሥር ሊሸጉጠው ሲል አባዬ እንጨቱን አነሳ።

«እሱን አውጣው። እሱ መጨረሻ ነው የሚጫነው፤ ከመዝጊያው አጠገብ።»

«ለምን? እዚህ ይመቸዋል እኮ።»

«መጨረሻ የተጫነ ቀድሞ ይወርዳል። እኔ ነኝ ይህን የማስተምርህ?»

ጫኙ ሳጥኑን እንደያዘ ቆመ። ሌሎቹም ቆሙ። እኔ ብቻ ነኝ ከግቢው የተደሰትኩት፤ አዲሱ ቤት መጀመሪያ የሚገባው የአባዬ ሳጥን ነው ማለት ነው። ያኮረፈ ሰው ዕቃውን ቀድሞ ሊያስገባ አይቸኩልም። የመታረቅ ምልክት ነው ብዬ ያዝኩት።

ሾፌሩ የአባዬ የድሮ ጓደኛ ነው። ለዶሮም ለዛፍም ክላክስ ስለሚያደርግ ጋሼ ክላክስ ነው የሚባለው። ጋቢናው ውስጥ እሱ፣ እኔ፣ እማዬ፣ ሕፃኑም እማዬ ጭን ላይ ሆነን ተቀመጥን። አባዬ ከላይ፣ ጭነቱ ላይ፣ ሸራውን ተከናንቦ ወጣ።

«ንፋሱ አይሆንህም» አለች እማዬ አንገቷን በመስኮት አውጥታ። «ግባ፣ እንጠጋጋለን።»

«መጠጋጋቱን አይደል እኮ የምፈራው» አለ ከላይ።

ይኸው፤ አጠገቧ መቀመጥ እንኳ አይፈልግም። እማዬ መስኮቱን ዘጋችና እጇን አፏ ላይ አደረገች። ጋሼ ክላክስ ሞተሩን አስነስቶ ባዶውን በራችንን እያየ ረጅም ክላክስ አደረገ።

ጫኞች የራሳቸው ቋንቋ አላቸው። ከጭነቱ ላይ ያለው ሰው የጋቢናውን ጣሪያ አንዴ ከመታ ቁም ነው፤ ሁለቴ ከመታ ንዳ ነው። እማዬ ግን ጋቢና ውስጥ ሆና፣ የቁልቁለቱም የሜዳውም መንገድ ላይ፣ በየጊዜው እጇን ወደ ጣሪያው ሰድዳ ሁለቴ ታንኳኳለች። ከላይ ሁለቴ ይመለስላታል። ሾፌሩ ለሁለቱም ደንታ የለውም። እንግዲህ በአፍ መነጋገር ትተው በጣሪያ መሰዳደብ ጀመሩ አልኩ። አንዴ መልሱ ሲዘገይ እማዬ ፊቷ አመድ መሰለ። ጋሼ ክላክስም ፍጥነቱን ቀነሰ። ከዚያ ከላይ ሁለት ቀስ ያለ ምት ተሰማ፤ እማዬም ወንበሩ ላይ ልቅቅ አለች። አለህ? አለሁ። የሚባባሉት ይኸው ብቻ ነበር።

«ጋሼ» አልኩ ወደ ሾፌሩ ጠጋ ብዬ፣ እማዬ ስታንቀላፋ። «ማንኛቸው ነው ያጠፋው?»

«ማንኞቹ?»

«እነ እማዬ ናቸዋ። ተኳርፈዋል እኮ።»

ከመንገዱ ላይ ዐይኑን አንስቶ አየኝ።

«ማንም አላጠፋም፣ እናቴ።»

«ታዲያ ለምን አይታረቁም?»

ፍየል የሌለበት፣ ሰው የሌለበት፣ ቀጥ ያለ ባዶ መንገድ ላይ ክላክሱን ተጭኖ ቆየ። እማዬ ብንን አለች። አዋቂ ሰው መልስ ሲያጣ የሚያደርገው ነገር አያጣም።

ምሳ የበላነው ከመንገዱ ዳር፣ አንድ የደረቀ ወንዝ ድልድይ ሥር ነው። እማዬ ዳቦና የተቀቀለ እንቁላል ዘረጋች፣ ከፔርሙዝ ሻይ ቀዳች። አባዬ ከጭነቱ ወርዶ ራቅ ብሎ፣ ንፋሱ ከኛ ወደሱ በሚሄድበት በኩል ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። በመሐላቸው ያለው ባዶ ቦታ የኔ የሥራ ቦታ ነው። ክር ያለበትን ኩባያ ይዤ ሄድኩ።

«ሻይ ልካልሃለች። ይቅርታ አድርግልኝ ብላለች።»

አባዬ ኩባያውን ሊቀበል የዘረጋው እጅ አየር ላይ ቀረ። «እዚያ አስቀምጪውና ዞር በይ። ይቅርታ? እሷ ናት እንደዚህ ያለችው?»

«እሷ ናት። አልቅሳ።» ሽማግሌ ካልጨመረበት ነገር አይበርድም፤ ይህን ያኔም አውቃለሁ።

ዐይኑን ወደሷ ወረወረ። ሕፃኑን እያጠባች ነበር። «በያት... እሷ ምንም አላጠፋችም በያት። ይቅርታ የምጠይቀው እኔ ነኝ፤ ብቻሽን ልጥልሽ ነው በያት።» ከዚያ ያለውን ነገር ያወቀ መሰለ። «አይ ተይው። የመጨረሻውን አትንገሪያት።»

ነገርኳት እንጂ። የተላክሁትን ሳልሸራርፍ ማድረሴ ነው። እማዬ እንቁላል እየላጠች ነበር፤ ቅርፊቱንም እንቁላሉንም አንድ ላይ ጨመቀችው። እንባዋ ወረደ። ሥራዬ እየሰመረ መሆኑን አየሁ፤ ያለቀሰ ሰው ልቡ ተሰብሯል፣ ልቡ የተሰበረ ደግሞ ይታረቃል።

አሁን የቀረው ከአንድ ኩባያ ማጠጣት ነው። ወደ አባዬ ተመልሼ፣ ጠጥቶ ያስቀመጠውን የሻይ ትራፊ አነሳሁና ሁለቱም እያዩኝ መጀመሪያ እኔ ፉት አልኩለት፤ ጣፋጭ ነበር። ቀሪውን ለእማዬ ይዤ ስዞር አባዬ ከድንጋዩ ተነስቶ «ያዢያት» ሲል ሰማሁ፤ የሚጮህ ድምፅ ግን አልነበረውም። እማዬ ሕፃኑን መሬት ላይ አስቀምጣ እንዴት እንደደረሰች አላውቅም። ኩባያውን በጥፊ መታችው። ኩባያው ድንጋዩ ላይ ተንከባለለ። አገጬን ጨምቃ አፌን ከፈተችና በቀሚሷ ጠርዝ ምላሴን፣ ድዴን፣ ከንፈሬን እያሻሸች ጠረገችው፤ ከዚያ ውሃ አፌ ውስጥ እያፈሰሰች «ትፊ፣ ትፊ፣ ትፊው» ትለኛለች።

አፌ ደም ደም አለኝ። የሚያመኝ ግን እሱ አልነበረም። እንዲህ ትጠላዋለች፤ እንዲህ ድረስ። አባዬን ስፈልገው ከመኪናው ጀርባ ሄዶ ግንባሩን የኋላ መዝጊያው ላይ አስደግፏል። ጋሼ ክላክስ ከሩቅ ቆሞ ባርኔጣውን በእጁ ያሽከረክራል።

እማዬ ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት፣ እኔ በሳልኩ ቁጥር ከያዘችው ሥራ ቀና ትል ነበር። እኔ ትዳር ይዤ፣ በራሴ ቤት፣ አንድ ቀን ምግብ ትን ብሎኝ ሳል ሲያጣድፈኝ አገጬን ልትይዝ ብድግ አለች።

ያን ማታ ያደርንበት ማደሪያ ውስጥ አንድ ክፍል ነበር የተያዘው፤ አባዬ ጭነቱ ላይ አደረ። ጠዋት ረፋዱ ላይ መኪናው ከዋናው መንገድ ታጥፎ ጠጠር መንገድ ገባ። ረጅም ነጭ አጥር፣ ከኋላው ረዣዥም ዛፎች፣ በዛፎቹ መሐል ብዙ መስኮት ያለው ቤት። በየመስኮቱ ሰው ተቀምጦ ፀሐይ ይሞቃል።

«ደረስን» አልኩ። «ይሄ ሁሉ የኛ ነው?»

ጋሼ ክላክስ ወርዶ የኋላውን መዝጊያ ከፈተ፤ አረንጓዴው ሳጥን ቀድሞ ወረደ፤ እንደተባለውም ሆነ። እኔ ትራሴን ይዤ ልወርድ ስል «አንቺ ቆይ» አለኝና ጋቢናው ደረጃ ላይ አስቀመጠኝ። ነጭ የለበሰች ሴት ከበሩ ወጥታ አፏ ላይ በታሰረው ጨርቅ ውስጥ የሆነ ነገር ብላ ተመለሰች። አባዬ ከሳጥኑ ጎን ቆመ። እማዬ ከመኪናው ጎን። በመሐላቸው ያው ባዶ ቦታ።

ይኸው በር ላይ ደርሰናል፤ ሳይታረቁ ሊገቡ ነው። ከደረጃው ዘልዬ መሐላቸው ቆምኩ።

«አይገባም» አልኩ። «ተሳሳሙና ነው የሚገባው።»

«እሜቴ» አለ አባዬ። እንደዚያ ነበር የሚጠራኝ። «ተይ፣ አይሆንም።»

«ለምንድን ነው የማይሆነው? እሷ ይቅርታ ብላለች። አንተም ብለሃል። እኔ ነኝ የሰማሁት።»

እማዬ ሕፃኑን አመጣችና ጋሼ ክላክስ እጅ ላይ አስቀመጠችው። ከዚያ ወደ አባዬ ሄደች።

«ተመለሺ» አለ አባዬ። «አንቺ ሴት፣ ስለ ልጆቹ ስትይ።»

አልተመለሰችም። አንገቱ ሥር ገብታ አቀፈችው። እሱ እጆቹን እንደሚፈተሽ ሰው ወደ ጎን ዘርግቶ፣ ፊቱን ወደ ሰማይ አዙሮ፣ ትንፋሹን ይዞ ቆመ። ቆመ፣ ቆመና፣ እጆቹ ቀስ እያሉ ወርደው ጀርባዋ ላይ አረፉ። በመስኮቶቹ ላይ ፀሐይ የሚሞቁት ሰዎች አንድ በአንድ ፊታቸውን ወደ ውስጥ መለሱ።

ልቤ ቅቤ ጠጣ። ከዚያ ወዲህ ብዙ ሰው አስታርቄያለሁ፤ እንደዚያ ያለ ዕርቅ ግን አላየሁም።

«እኔ እዚህ የምሠራው አለኝ» አለኝ አባዬ፣ ሲለያዩ። «እናንተ ቅደሙና ቤቱን ያዙ።»

«ብዙ ነው ሥራው?»

«እያየሁት ነው።»

ሊስመኝ አልቀረበም። ለሽማግሌ ግን ወግ አለውና፣ ካለበት ሆኖ ወገቡን አጥፎ እጅ ነሳኝ፤ ዝቅ ብሎ፣ ሳል እስኪይዘው። እኔም ቀሚሴን ይዤ እጅ ነሳሁ። ጋሼ ክላክስ ሳጥኑን ሊሸከምለት ሲል «ተው፣ ይሄን እንኳ እኔ» ብሎ በመያዣው ይዞ እየጎተተው ገባ። በጠጠሩ ላይ መስመር እየሰራ ሄደ።

ከዚያ በኋላ አላየሁትም። ክረምቱ ሳያልፍ እዚያው ሆስፒታል ግቢ ውስጥ አለፈ።

ያን ቀን ግን ጋቢናው ውስጥ የኔን ያህል ደስ ያለው ሰው አልነበረም። ዘፈንኩ። የማውቀውን ዘፈን ጨርሼ የማላውቀውን ጀመርኩ። አባዬ ሥራውን ሲጨርስ መጥቶ የት እንደሚተኛ፣ ኩባያው ላይ ያለውን ክር ማን እንደሚፈታ ለጋሼ ክላክስ አስረዳሁት። እሱም «እሺ፣ እሺ» ይለኛል፤ ከብት አቋርጦን እንኳ ክላክስ አላደረገም። እማዬ እጇን ወደ ጣሪያው ሰደደችና አጋማሽ ላይ አስቀረችው። ከዚያ ወደ ጭኗ መለሰችው።

«ታርቃችኋል አይደል?» አልኳት።

«ታርቀናል፣ የኔ እናት።»

«እኔ ነኝ ያስታረቅኋችሁ።»

«አዎ። አንቺ ነሽ።»

አድጌ፣ ነገሩን ሁሉ ካወቅሁ በኋላ፣ ለምን ያኔውኑ እውነቱን እንዳልነገረችኝ ጠየቅኋት። ምስር እየለቀመች ነበር። «በዚያ መኪና ውስጥ ደስ ያለው ሰው አንድ እንኳ ያስፈልገኝ ነበር» አለችኝና ወደ ምስሯ ተመለሰች።

አጎቴ ጋ የደረስነው በማግስቱ ነው። ጎረቤት ወጥቶ አወረደልን። ገመዱን ለመፍታት አልቻሉም፤ ጋሼ ክላክስ «የሱ ቋጠሮ ነው፣ አትልፉ» ብሎ ብቻውን ሲታገለው ቆየ። ጭነቱ ሥር፣ ማንም ሲጭነው ያላየው አንድ ካርቶን ተገኘ። እማዬ ወለሉ ላይ ተቀምጣ ከፈተችው። የእንግዳ ብርጭቆዎቻችን ናቸው፤ የታሸጉት በአባዬ ሸሚዞች ነው። በሥራ ሸሚዞቹም፣ በነጩ የክት ሸሚዙም። በእያንዳንዱ እጅጌ ውስጥ አንድ ብርጭቆ ገብቶ እጅጌው ከላይም ከታችም ተቋጥሯል። አንድም ሸሚዝ ለራሱ አላስቀረም።

እማዬ አንዱን ቋጠሮ በጥርሷ ፈታች፤ ብርጭቆውን አወጣች። ሁለተኛውን ፈታች። ከዚያ ሸሚዞቹን ሰብስባ ፊቷን ውስጣቸው ቀብራ ታለቅስ ጀመር፤ በመንገዱ ሁሉ አምቃ የያዘችውን ለቅሶ። አጎቴ ሰዎቹን ይዞ ወጣ።

እኔ ዕቃ ሲሰበር እንደሚለቀስ አውቃለሁ። ስለዚህ ብርጭቆዎቹን ከየእጅጌው እያወጣሁ፣ ወደ መስኮቱ እየወሰድኩ፣ በብርሃኑ ላይ እያገላበጥኩ ስንጥቁን ፈለግሁ። ያ ሁሉ አገር፣ ያ ሁሉ ጉድጓድ፣ ያ ሁሉ ጠጠር። ሁሉንም አየሁና ወደ እሷ ተመልሼ ትከሻዋን ነካ አደረግሁ።

«እማዬ» አልኳት፣ እንድትጽናና። «አታልቅሺ፤ አንዱም እኮ አልተሰበረም።»